ክንፍ ያለው ፈረስ
(ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይስፈን።



አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከዘመቻ ሲመለሱ ነፋስ መጋረጃውን ገልጦ የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ.) አሻንጉሊቶች አሳያቸው። በመካከላቸው ሁለት የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበር። ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ጠየቋት። የነቢዩ ሱለይማን ፈረስ ክንፍ እንደነበረው አልሰሙም ወይ ስትል መለሰች። ረሱልም የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ልብ በሉ! አልተቆጧትም። ስትጠየቅም የሰማችውን ታሪክ ማስረጃ አድርጋ አቀረበች። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡትም፣ የኛው አገር ሰዎች ሐበሾች በዒድ ቀን መስጊድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ፣ ረሱል እሷ እስክትጠግብ ቆመው አሳይተዋታል።

ያቺ ልጅ አደገች። አሻንጉሊቱ ቀረ፤ ጠያቂው አእምሮ ግን አልቀረም። ከእሷ የተላለፉት ሐዲሶች 2,210 ናቸው። ታላላቅ ሰሓቦች የውርስ ጉዳይ ሲቸግራቸው እሷን ይጠይቁ ነበር። የእህቷ ልጅ ዑርዋና ዐምራ ቢንት ዐብዱረሕማን ከእሷ ተምረው ዓሊሞች ሆኑ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ግቢዎች ሴት ልጆቻችን በጣሳና በቁራጭ ጨርቅ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ። ጨዋታው አንድ ቀን በራሱ ጊዜ ይቀራል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሰላቱም ሒጃቡም ግዴታዋ ይሆናል፤ ይህ የአላህ ትእዛዝ ነው። ችግሩ አንዳንዶቻችን «አድገሻል» ብለን ከአሻንጉሊቱ ጋር ደብተሯንም መውሰዳችን ነው። ወንድሙ ሲያጠና እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች። ጥያቄ ስታበዛ «ምላሰኛ» እንላታለን። ደላላ ስለ ዓረብ አገር ሲያወራ ደግሞ ጆሯችንን እንሰጣለን። ከዚያ ሴት ሐኪም ጠፋች፣ ለሴቶቻችን የምታቀራ ኡስታዝ የለችም እያልን እንማረራለን። ከየት ትምጣ?

ስለዚህ አደራ የምለው ይህን ነው። የቤቱ ሥራ ለወንዱም ለሴቷም ይከፈል። ማታ ማታ እሷም የጥናት ሰዓት ይኑራት። መድረሳ ስትጠይቅ መልስ ታግኝ። የፈጠረችውን ወሬ ስታወራላችሁም ረሱል እንደሳቁት ሳቁላት እንጂ አታሳፍሯት።

አላህ ሴት ልጆቻችንን በዲንም በዕውቀትም ያሳድግልን። አሚን።