ስንቅ የሚወስነው ውድድር



የረጅም ርቀት ትራያትሎን ነገር በተነሣ ቁጥር በአገራችን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የእኛ ሯጮች ቢገቡበት ማን ይችላቸዋል?» የሚል ነው። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ልሰጥ እሞክራለሁ፤ መልሱ ሁላችሁንም ላያስደስት ይችላል።

አስቀድሜ ውድድሩን ላስተዋውቅ። አይረንማን በሚል ስም የገነነው ይህ ውድድር 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው፤ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ሰዓቱ ሳይቆም። ልብስ ለመቀየርና ጫማ ለማጥለቅ የሚጠፋው ጊዜ ሳይቀር ይቆጠራል። ሐሳቡን ያመነጩት አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ጆን ኮሊንስና ባለቤታቸው ጁዲ ናቸው። በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት፣ የባሕር ዋና፣ ደሴቱን በብስክሌት መዞርና ማራቶን ለየብቻቸው ይካሄዱ ነበር፤ ባልና ሚስቱ ሦስቱን ገጣጠሟቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 15 ሰዎች ተነሡ፣ 12ቱ ጨረሱ፤ ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር አጃቢዎቹ የያዙት ውሃ ስላለቀ በማራቶኑ ላይ ቢራ ጠጥቶ ነበር የሮጠው። ሰው በዚህ ታሪክ ይስቃል። እኔ ግን ስንቅ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የውጤት ጉዳይ እንደነበር አይበታለሁ።

ለምን ቢባል፣ ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን የተባለ ስንቅ ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህም 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ያህል ይገኛል። ውድድሩ የሚጠይቀው የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። ስብ ጉድለቱን በከፊል ይሞላል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚነድ ፍጥነት የፈለገ ሰው በእሱ ብቻ አይዘልቅም። ስለዚህ እየሄዱ መብላት ግድ ነው፤ ሆድም የራሱ ወሰን አለው። አንጀት ግሉኮስን በሰዓት ከ60 ግራም ብዙም አልፎ አይቀበልም። ፍሩክቶስ በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው 90 ግራም ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ያውም ሆዱን በልምምድ ካስለመደ። ውሃም እንዲሁ ነው። ያነሰው ይደርቃል፤ ከላቡ በላይ የጠጣው ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ እስከ ሞት የሚያደርስ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስንቁ ያለቀበት አካል ምን እንደሚሆን ከማንም ይበልጥ ያሳየችው ጁሊ ሞስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 የ23 ዓመት ተማሪ ሳለች ወደ ሃዋይ ሄዳ የተወዳደረችው ለመመረቂያ ጥናቷ ነበር፤ የጥናት መስኳም፣ ልብ በሉ፣ የአካል እንቅስቃሴ ሳይንስ ነው። ሴቶቹን እየመራች መጨረሻው ሲቃረብ እግሮቿ ከዷት። ወደቀች፣ ተነሣች፣ እንደገና ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ አልፋት አሸነፈች፤ ሞስ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች በ29 ሰከንድ ልዩነት መስመሩን ነካች። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያንን ምስል አሰራጨው፤ ውድድሩም ገነነ። ጽናቷን አደንቃለሁ። ነገር ግን ስፖርቱ ራሱን ሊሸጥ የመረጠው ነዳጁ ያለቀበትን አካል በማሳየት መሆኑ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ አሠልጣኝ ሊያስቀረው የሚገባውን ነገር ተመልካች ሊያጨበጭብለት ለመደ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ ሃዋይ ትልቁ ደሴት፣ ወደ ኮና ተዛወረ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1989 ተወዳዳሪዎቹ ማርክ አለንና ዴቭ ስኮት ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ጎን ለጎን ተጉዘው በ58 ሰከንድ ተለያዩ፤ አለን ማራቶኑን የሮጠው በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። አበበ ቢቂላ ከዚያ 29 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሮም፣ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጧል። እንዲህ ሲታይ ድሉ የእኛ ይመስላል። አለን ግን ሩጫውን የጀመረው ከባሕር ወጥቶ 180 ኪሎ ሜትር ከጋለበ በኋላ ነው።

ኮና ላይ የብስክሌቱ መንገድ እሳተ ገሞራ ባቃጠለው ጥቁር ዐለት መካከል እስከ ሃዊ ከተማ ወጥቶ ይመለሳል፤ ጥላ የለውም፣ ነፋሱ ከጎን ይመታል። በቱር ደ ፍራንስ እንደምናየው ከሌላው ጀርባ ተከልሎ መጋለብ በዚህ ውድድር ደንብ የተከለከለ ስለሆነ እያንዳንዱ ነፋሱን ለብቻው ይገፋል። ሜዳ ላይ ነፋስን የሚያሸንፈው የጡንቻ ጠቅላላ ኃይል ነው፤ ክብደት ብዙም አይቆጠርም። በማራቶን የሚጠቅመን ቅለት እዚህ ውለታ አይመልስም። የእኛ ሯጭ ግዙፎቹን ጋላቢዎች ልከተል ካለ በብስክሌቱ ላይ ስንቁን ይጨርሳል፤ ካልተከተለም በሩጫ የማይመለስ ደቂቃ ያጣል። በዋናም ቢሆን በልጅነቱ ውሃ ያልለመደ ሰው ብዙ ጉልበት አፍስሶ ጥቂት ነው የሚራመደው። የብስክሌቱን ዋጋ አላነሣም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፤ የተዘጋጀ ሯጭ ወስደን ትራያትሎን ላይ ብናስገባ አይሆንም። ከልጅነት የሚጀመር ሥራ ነው፤ ያውም ከውሃ። መነሻውም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በኦሊምፒክ ያለው አጭሩ ርቀት ይሁን፤ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ብስክሌት፣ 10 ሩጫ።

ለመወዳደር ሳይሆን ለመጨረስ የሚገባ ሰው ግን ሌላ ነው። ለእሱ ተፎካካሪው 17 ሰዓት የሚባለው የጊዜ ገደብ ነው። ጃፓናዊው ሂሮሙ ኢናዳ ዋና የጀመሩት ከጡረታ በኋላ፣ ትራያትሎን የገቡት በ70 ዓመታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮና ላይ መጨረሻው አጠገብ ወድቀው ተነሥተው በጥቂት ሰከንዶች ዘግይተው ደረሱ፤ ውጤታቸውም አልተመዘገበም። እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ85 ዓመታቸው፣ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ገቡ። በዕድሜያቸው እንደዚያ ያለ ርቀት የሚያስኬድ ጉልበት ከየት መጣ የምትሉኝ ከሆነ፣ ጥያቄውን በውይይቱ ጊዜ በደስታ እቀበላለሁ።