በድንኳናችን ውስጥ እግር መዘርጊያ ይኑር
(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለቅሶ ላይ ብዙም ሳይቀመጡ ሄዱ ብለን የቀጣናቸውን እናት ታስታውሷቸዋላችሁ። ቅጣቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ኋላ ቤታቸው ሄጄ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጉልበቴ ታጥፎ አይቆይልኝም፤ ልዘርጋው ብል ደግሞ ከፊቴ ያለውን ሰው እረግጣለሁ» አሉኝ። አፈርኩ።

እስቲ አግዳሚዎቻችንን እዩአቸው። ድንኳኑ ብዙ ሰው ይያዝ ብለን አጠጋግተን ስንደረድር ጉልበታችን ከፊተኛው አግዳሚ ጋር ይጋጠማል። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ ሲኮማተር እየገፋው ነው። እግር ታጥፎ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ደሙ እዚያው ይዘገያል፤ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ አልፎ አልፎም ደም ይረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ ይህንን አደጋ እጥፍ ያህል እንደሚያደርሰው ገልጿል። (ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነውና አትደንግጡ።) እኛ ለቅሶ ቤት ስንት ሰዓት እንደምንቀመጥ እናንተው ቁጠሩት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመግቢያው በኩል ያለው ረድፍ ፊቱ ክፍት ሆኖ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ይለቀቅ። የእናታችንም ቅጣት ይመለስላቸው፤ ገንዘብ ያዡ እምቢ ካለ ከኪሴ እከፍላለሁ።