ዓለምን የሚገዛ አንድ መንግሥት ይመጣ ይሆን?



ቴክኖሎጂ እየረቀቀ ሲሄድ ዓለምን በሙሉ በመዳፉ ሥር የሚያደርግ አንድ ኃያል መንግሥት ሊፈጠር ይችላል ወይ? እስቲ ጥያቄውን ከታሪክ ጋር እናገናዝበው።

እ.ኤ.አ. በ1945 የአቶም ቦምብ የነበራት አሜሪካ ብቻ ነበረች። ይሁን እንጂ ብቸኝነቷ የቆየው ለአራት ዓመት ነው። በ1949 ሶቪየት ኅብረት የራሷን ቦምብ ሞከረች፤ ዛሬ የኑክሌር መሣሪያ ያላቸው አገሮች ዘጠኝ ናቸው። በሳተላይት አቅጣጫ መጠቆምም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ጂፒኤስን ብትዘረጋ ሩሲያ ግሎናስን፣ አውሮፓ ጋሊሊዮን፣ ቻይና ቤይዱን ዘርግተዋል። አንዱ የያዘውን ሌላው ሳይሠራ አይቀርምና፣ መላውን ዓለም ለአንድ ገዢ ማስገበር ቀላል አይሆንም።

ታዲያ ስጋቱ ከንቱ ነውን? አይደለም። የምሥራቅ ጀርመንን ታሪክ እንመልከት። ሕዝቧ 16 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ሽታዚ የተባለው የስለላ ድርጅቷ በ1989 ወደ 91,000 የሚጠጉ መደበኛ ሠራተኞች ነበሩት። ጎረቤቱንና የሥራ ባልደረባውን የሚሰልለው ሰው ደግሞ ከዚያም ይበዛ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 9 ቀን በላይፕዚግ ከተማ ወደ 70,000 ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ፣ የተሰለፈው ኃይል ሳይተኩስ ቀረ። በወሩ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

የፊርዐውን ድግምተኞችም እውነቱ ሲገለጥላቸው ለእርሱ መታዘዝን እምቢ ማለታቸውን እናውቃለን። ጨቋኝ ሁሉ የሰው ዓይንና የሰው እጅ ያስፈልገዋል። ልጓሙም ይኸው ነው።

ዛሬ ግን ካሜራ ፊትን ለይቶ ያውቃል፤ ስልክ ባለቤቱ የዋለበትን ይመዘግባል፤ ኮምፒዩተር የብዙ ሺህ ሰላዮችን ሥራ ብቻውን ያከናውናል። ማሽን አይደክምም፣ አያዝንም፣ «ወንድሜን አልመታም» አይልም። ስለዚህ ዓለምን የሚጠቀልል መንግሥት ባይመጣ እንኳ፣ በየአገሩ ያለ ገዢ ልጓሙን ሊበጥስ ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሰው ምስጢር አማና ነው። መረጃችንን ስንሰጥ «ማን ይይዘዋል? ለምንስ ይውላል?» ብለን እንጠይቅ። ሰውን በሚያስር ወይም በሚገድል ውሳኔ ላይ የሚጠየቅ ሰው ይኑር እንበል። ነገ ኢንጂነር፣ ፖሊስ ወይም ዳኛ የሚሆኑ ልጆቻችንንም ከትምህርቱ ጋር ለግፍ እምቢ ማለትን እናስተምራቸው። ማሽኑን የሚሠሩትና የሚያዙት እነርሱ ናቸውና።