በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተርን ከኢንተርኔት ጋራ ስለ ማገናኘት



ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ሰው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የጀመረው ሊኑክስ፥ ዛሬ ኡቡንቱና ዴብያን በሚባሉ ስሞች ለትምህርት ቤቶች ያለ ዋጋ ይገኛል። ዳሩ ግን መምህሩ ከጫነው በኋላ ኢንተርኔቱ እንቢ ያለው እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ሁሉን ደምስሶ እንደ ገና ይጭናል፤ ወይም ኮምፒዩተሩን ጨርቅ አልብሶ በዕቃ ቤት ያስቀምጠዋል። ተማሪውም ኮምፒዩተርን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ተሥሎ ብቻ ያየዋል።

ከመደምሰስ በፊት መመርመር ይገባል። በገመዱ መግቢያ ያለችው ትንሽ መብራት ካልበራች፥ ጕድለቱ በገመዱ ወይም በማከፋፈያው ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ እርሱን ማየት ነው። መብራቷ ከበራች ግን የኮምፒዩተሩ አድራሻ ይታይ። ራውተር የተባለው መሣሪያ ለየኮምፒዩተሩ አድራሻ ያድላል፤ ቍጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፥ ኮምፒዩተሩ የሚያድለው አጥቶ ለራሱ ያወጣው ነው።

አድራሻ እያለ ገጾች አልከፈት ቢሉስ? ተርሚናል በተባለው የትእዛዝ መስኮት ፒንግ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ 8.8.8.8 የተባለውን የጉግል አድራሻ መጠየቅ ነው። መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው፤ የጐደለው ስምን ወደ ቍጥር የሚመልሰው ዲ.ኤን.ኤስ. ነው፤ የሰውን ስም ይዞ ቤቱን የሚያመለክት እንደ ማጣት ይቈጠራል። ይኸውም በኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ የዲ.ኤን.ኤስ. ቍጥር በማስገባት ይቃናል።

ከሁሉ የሚያደክመው ዋይፋይ ነው። አንዳንዱ የዋይፋይ ካርድ አምራቹ ካዘጋጀው ፈርምዌር በቀር አይሠራም፤ ይህም ነጻ ፕሮግራም ስላልሆነ ዴብያን እስከ 2023 ድረስ በመደበኛው መጫኛ ውስጥ አያስገባውም ነበር። እንግዲህ ኢንተርኔት ለማግኘት ፈርምዌሩ፥ ፈርምዌሩን ለማግኘት ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ሥራ ለጠላ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝለትም! መፍትሔው ግን በመምህሩ ኪስ ውስጥ ነው። የአንድሮይድ ስልክን በቻርጅ ገመዱ ከኮምፒዩተሩ ጋራ አያይዞ፥ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ዩ.ኤስ.ቢ. ቴዘሪንግ የተባለውን ሲያበሩ፥ ኡቡንቱ ስልኩን እንደ ባለ ገመድ መስመር ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ድራይቨሮች የሚለውን መስኮት ከፍቶ ለካርዱ የሚስማማው ካለ ማስጫን ይቻላል። ብቻ አስቀድሞ የፕሮግራሞቹ ማደሻ በራሱ እንዳይጀምር ማቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ድራይቨሩ ሳይወርድ የመምህሩ የዳታ ሒሳብ ያልቃል።