የጠበቆች ጉባኤና የባለጉዳዩ ጥቅም

(የ12ኛ ክፍል የሕግ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



የመረጥነው ርእስ ስለ ጠበቆች ጉባኤ ነው። ይኸውም ጠበቆችና የጥብቅና ድርጅት ሥራ አስኪያጆች ሥራቸውን ለማሻሻልና እርስ በርሳቸው ለመተዋወቅ የሚያደርጉት ስብሰባ ማለት ነው። «ይህ የጠበቆች ጉዳይ ነው፤ ለተማሪና ለወላጅ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የጉባኤው ጥቅምም ሆነ ጉዳት መጨረሻ የሚያርፈው በባለጉዳዩ ላይ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። ባለጉዳይ የማይሆን ሰው ደግሞ የለም።

በአገራችን በጥንቱ ዘመን ሙግት የሚሰማው በአደባባይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር እንደ ነበረ አባቶቻችን ይነግሩናል። ከሳሽና ተከሳሽ «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ መንገደኛው ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ብላቴናውም የክርክሩን ሥርዓት፣ የምስክሩን አቀራረብና የዋሱን ነገር የሚማረው ከዚያው ነበር። ስለዚህ ሕግን በማኅበር መማር ከውጭ አገር የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም። ከጊዜ በኋላ ሕጉ በመጽሐፍ ተጻፈ፤ ሙግቱም ወደ ፍርድ ቤት አዳራሽ ገባ። ጠበቃውም ብቻውን በቢሮው ተቀምጦ ብቻውን የሚያነብ ሰው ሆነ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሕግ እንደ ተጻፈ ተቀምጦ አይቀርም። ለዚህ ጥቂት ምሳሌዎችን እንጥቀስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን የጋብቻውን ዕድሜ ለወንዱም ለሴቷም 18 ዓመት አደረገው። በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ብዙው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቷል። ከዚህም በላይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት በማያንሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ሆኗል። ስለዚህ ጠበቃ ነጋሪት ጋዜጣን ብቻ ሳይሆን የሰበርን ውሳኔዎችም መከታተል አለበት።

አሁን አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ነፍሰ ጡር ሆና ምክር ለመጠየቅ ወደ አንድ ጠበቃ ሄደች እንበል። ጠበቃው የተማረው በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። በዚያ አዋጅ የወሊድ ፈቃድ በጠቅላላው 90 ቀን ነበረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ግን 120 ቀን አድርጎታል። ጠበቃው ይህን ሳይሰማ ቀርቶ በቀድሞው ቢመክራት፣ እናቲቱ ከአራስ ልጇ ጋር የምትቆይበት 30 ቀን በከንቱ ቀረባት ማለት ነው። ጠበቃው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ የጎደለው የሚነግረው ባልንጀራና የሚጠይቅበት ሥፍራ ነው። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ግን የቀረው የሌላ ሰው መብት ነው።

በሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደ ተመለከቱት ጥቂት እናውሳ። በለንደን ሊንከንስ ኢን፣ ግሬይስ ኢን፣ ኢነር ቴምፕልና ሚድል ቴምፕል የሚባሉ አራት የቆዩ የጠበቆች ማኅበሮች አሉ። በነዚህ ማኅበሮች የጥብቅና ተማሪ ከማኅበሩ አዳራሽ ገብቶ ከታላላቆቹ ጋር ማዕድ እንዲቆርስ ያስገድድ የነበረ ልማድ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ላይ ላዩን ሲያዩት የግብዣ ነገር ይመስላል፤ ዋናው ፍሬ ነገር ግን ወጣቱ የሙያውን ጨዋነት ከሽማግሌዎቹ አንደበት እንዲሰማ ነው። በአሜሪካም የጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1878 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሳራቶጋ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ በተደረገ ስብሰባ ተመሠረተ። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1975 የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ጠበቃ ሁሉ በየሦስት ዓመቱ 45 ሰዓት እንዲማር ግዴታ አደረገች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ግዴታ አውጥተዋል።

የጥብቅና ድርጅት ሥራ አስኪያጆችስ? እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። ሥራ አስኪያጅ ከችሎት ቆሞ አይከራከርም፤ ነገር ግን መዝገቡን የሚጠብቅ፣ ቀጠሮውን የሚቆጥር፣ የባለጉዳዩን ገንዘብ ከድርጅቱ ገንዘብ ለይቶ የሚያስቀምጥ እርሱ ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ጠበቃው አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ማስረጃውም የጠነከረ ቢሆን፣ በቢሮው ውስጥ ቀኑን የሚቆጥር ሰው ከሌለና በ61ኛው ቀን ቢያመለክት፣ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ካላቀረበ በቀር ባለጉዳዩ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን የመዝገብ አያያዝ አንዱ ቢሮ ከሌላው ቢሮ የሚማረው በመገናኘት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አድርጓል። አንደኛ፣ ጠበቆች በሽርክና የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን መሠረተ። ከዚያ በፊት ጠበቃ በየራሱ ፈቃድ ለብቻው ይሠራ ስለ ነበር፣ የድርጅት አመራር የሚባለው ሥራ ለብዙዎቹ አዲስ ነው። ስለዚህ ተሰብስቦ መማር በአሁኑ ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የሕግ ሰዎች ሲገናኙ ሕግ እስከ መለወጥ እንደሚደርሱም አይተናል። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ከተቋቋመ በኋላ፣ ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ የቤተሰቡም ሕግ እንዲሻሻል ብዙ ደክሟል። ቀደም ብለን የጠቀስነው የ1992 ዓ.ም. ሕግ ሲወጣ የእነርሱም ድካም አለበት። እያንዳንዷ በየቢሮዋ አዝና ብትቀር ኖሮ ኀዘኗ ከቢሮዋ ባልወጣም ነበር።

ይሁን እንጂ ስብሰባ ሁሉ መልካም ነው ብለን ልናታልላችሁ አንፈልግም። የሚያሠጉን ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጉባኤው የአድራሻ ካርድ መለዋወጫና ባለጸጋ ደንበኛ ማደኛ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ሁለተኛው፣ በሻይ ሰዓት ጨዋታ የባለጉዳዩ ምሥጢር እንዳይወጣ ነው፤ ምክር የሚጠይቅ ጠበቃ ስም ሳይጠራና ምልክት ሳይሰጥ ይጠይቅ። ዳኛና ጠበቃ በአንድ አዳራሽ ቢገናኙም በችሎት ላይ ስላለ መዝገብ አንዲት ቃል እንኳ አይነጋገሩ። ደሀው ተሟጋች በመስኮት አይቷቸው «ነገሬ እዚህ አለቀ» ብሎ እንዲያዝን ምክንያት ሊሰጠው አይገባም። ሦስተኛው፣ ጉባኤው በትልልቅ ሆቴሎች ብቻ እየተደረገ በየአውራጃው ከተማ የሚሠራው ጠበቃ እንዳይረሳ ነው። የሚከፍለው ገንዘብና የሚጓዝበት ጊዜ ለሌለው ጠበቃ ቢያንስ የተነበበው ጽሑፍ ይላክለት። እርሱ የሚያገለግለው ገበሬም እንደ ከተማው ነጋዴ መብት አለውና።

ስለዚህ ማንኛውም የጠበቆች ጉባኤ ከመበተኑ በፊት ራሱን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ እንመኛለን። ይኸውም «ዛሬ ከተማርነው ውስጥ ነገ ጧት ቢሮአችን ለሚመጣው ሰው የሚጠቅመው የትኛው ነው?» የሚል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ለችግረኞች በነፃ እንዲያገለግል ይደነግግ ነበር። ጉባኤዎች ይህን የመሰለውን ግዴታ እንዴት በሚገባ መፈጸም እንደሚቻል ቢመክሩበት፣ ሕዝቡ ስብሰባውን የጠበቆች ሳይሆን የራሱ አድርጎ ያየዋል።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ እስክንገባ ድረስ የሚጠበቅ አይደለም። በክበባችን በየሳምንቱ አንድ የሕግ ጥያቄ አንሥተን በሁለት ወገን ስንከራከር፣ የተረታው የረታውን ጨብጦ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ያው ጉባኤ ተጀመረ ማለት ነው። ወላጆቻችንም ከእንግዲህ «ልጄ ተመርቆ ትምህርት ጨረሰ» ከማለት ይልቅ «ልጄ ለመማር ፈቃድ አገኘ» ቢሉን ደስ ይለናል። መምህሮቻችንም በየዕረፍቱ ወራት ለሥልጠና ሲሄዱ እናያቸዋለንና ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል።

ትምህርት ቤታችን ከእርሱ ወጥተው ዕውቀታቸውን የማይደብቁ፣ የማያውቁትንም ለመጠየቅ የማያፍሩ ልጆችን ለብዙ ዘመን እንዲያፈራ እንመኛለን።