ስለ ጎረቤታችን ቤት የምንናገረው



እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት፤ ዛሬም ነጠላዬን አጣፍቼ አስቀድሳለሁ። አንድ የወንጌላውያን ነገረ መለኮት ኮሌጅ በምረቃው ቀን እኔን መጋበዙ ለወግ ያህል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔም ለወግ ያህል ተናግሬ መውረድ አልፈልግም። ስለ መለያየታችን ልናገር መጥቻለሁ።

ልዩነት የለንም ብዬ አላባብላችሁም። ስለ ምስጢራት፣ ስለ ክህነት፣ ስለ እመቤታችንና ስለ ቅዱሳን አማላጅነት የምናምነው አንድ አይደለም። እነዚህ በንግግር የሚድበሰበሱ ጉዳዮች አይደሉም፤ ሊቃውንቱ ይወያዩባቸው። እኔን ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ከምንጣላበት ነገር አብዛኛው በእነዚህ ልዩነቶች ላይ አለመሆኑ ነው። አንዳችን ስለ ሌላው ባወራነው ወሬ ነው የምንጣላው።

በእኛ ሰፈር ወንጌላዊ ሁሉ በውጭ ገንዘብ የተገዛ ነው፣ ጾም አያውቅም ሲባል ትሰማላችሁ። ይህን የሚል ሰው ቆላና ደጋ በእግሩ እየተመላለሰ፣ ደመወዝ ሳይቆረጥለት የሚያገለግለውን የገጠር ወንጌላዊ አላየውም። በጾምና በጸሎት የሚያድሩትን እናቶችም አላያቸውም። በእናንተ ሰፈር ደግሞ ኦርቶዶክስ ክርስቶስን አያውቅም ይባላል። ይህን የሚል ሰውም በስቅለት ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ የክርስቶስን ሕማም እያሰበ ጉልበቱ እስኪዝል የሚሰግደውን ሕዝብ ቆሞ አላየውም።

የሐሰት ስም ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው የእኔ ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተዋጠ ያለው የአውጣኪ ተከታዮች ስንባል ኖረናል፤ እኛ ግን አውጣኪን እናወግዛለን፤ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1964 በዴንማርክ ኦርሁስ ጉባኤውን የተቀበሉትና ያልተቀበሉት ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት በግላቸው ተገናኝተው ሲነጋገሩ ስለ ክርስቶስ ያላቸው እምነት አንድ መሆኑን መሰከሩ። ውይይቱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1971 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ቁርባናችን እስከ ዛሬ አልተገናኘም። ግን አስቡት፤ አንዱ ሌላውን በቅጡ ለመጠየቅ ከ1,500 ዓመት በላይ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያላመነውን አምኗል ተብሎ የተወገዘ፣ እንደ ተወገዘም የሞተ ስንት ሰው አለ?

የሚለያየን ወሬ ብቻ ሳይሆን የሚያገናኘንም አለ፤ አሁን እጃችሁ ላይ ስላለው መጽሐፍ ልንገራችሁ። ከጎጃም የወጣ አቡ ሩሚ የሚባል መነኩሴ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ተረጎመ። አብሮት የሚሠራው አስላን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስል ነበር። ቆንስሉ አሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ዘግቶ ከመነኩሴው ጋር ይቀመጣል። የዓረብኛውን ንባብ ያነብለታል፤ የከበደውን እያስረዳ ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከግሪኩ ጋር ያመሳክርለታል፤ መነኩሴው ይጽፋል። ሥራው ሲያልቅ ከ9,500 ገጽ በላይ ሆነ፤ ሁሉም የአቡ ሩሚ የእጅ ጽሑፍ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1819 ካይሮ ላይ ሞተ፤ ሲታተም አላየም። ጽሑፉን ዊሊያም ጆዌት የሚባል የአንግሊካን ሚስዮናዊ ለብሪታንያና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉ መጽሐፉ በ1840 ታተመ። እንግዲህ አንድ የተዋሕዶ መነኩሴ የጻፈውን ፕሮቴስታንቶች አሳትመው ወደ አገሩ መለሱለት። በአገራችን አቆጣጠር በ1954 የታተመውንና የእናንተም ምእመናን ለዓመታት ሲያነቡት የኖሩትን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙትም አብዛኞቹ የእኛ ሊቃውንት ናቸው። ወንጌል በዚህ አገር በአንድ ቤት እጅ ብቻ አልደረሰም።

ሞትም አንድ አድርጎናል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ደርግ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን አፍኖ ወስዶ ገደላቸው። በዚያው ክረምት፣ ከመንበራቸው አውርዶ ያሰራቸውን የቤተ ክርስቲያኔን ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ገዳዩ የማን ቤት ልጆች እንደሆኑ አልለየም። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው እንኳ ሕዝቤን ጥዬ አልሄድም ብለው ነው የቀሩት። ይህን ታሪክ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን እናስተምራለን ብል እውነት አልተናገርኩም። ብናስተምር ግን ወንጌላዊ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣባቸው የእኚህ ሰው ስም ይሆን ነበር።

መለያየታችን ከሁሉ በላይ የሚያመው ቀብር ላይ ነው። አንድ ልጅ «ጴንጤ ነው» ተብሎ የእናቱን አስከሬን እንዳይሸከም ሲከለከል አይቻለሁ። ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሞ ነበር። የእድሩ ዳኛ፣ ነገረ መለኮት ያልተማሩ ሽማግሌ፣ ወደ እሱ ሄደው እጁን ያዙና ሳጥኑ ሥር አስገቡት። አንድም ሰው አልተናገራቸውም። በሌላ ለቅሶ ደግሞ ሐዘንተኛውን ማጽናናት ትቶ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡትን ኦርቶዶክስ ዘመዶች ጣዖት አምላኪ እያለ የሰበከ ሰባኪ ሰምቻለሁ። የሐዘንተኛው አክስቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ያ ቤተሰብ ከዚያ ወዲያ በአንድ ማዕድ ተቀምጦ አያውቅም።

ተመራቂዎች፣ እናንተ እንዲህ ባለው ድንኳን ውስጥ ትቆማላችሁ። መድረኩ ይሰጣችኋል፤ ሕዝቡ ያምናችኋል። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ስለ ተከታዮቹ አንድነት አባቱን ለምኗል። ያን ጸሎት እኔም እናንተም ብቻችንን የምንፈጽመው አይደለም። በባልንጀራ ላይ በሐሰት አለመመስከር ግን ሲኖዶስ መጠበቅ፣ ጉባኤ መጥራት አያስፈልገውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ስለ ኦርቶዶክስ አንድ ዓረፍተ ነገር በስብከታችሁ ስትጽፉ፣ መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ካለው ደብር ሄዳችሁ «አባታችን፣ ስለ እናንተ እንዲህ ልል ነው፤ ታምኑታላችሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጣ ካህን ሊገጥማችሁ ይችላል። ሌላው ግን ወንበር ስቦ ያስቀምጣችኋል።

እኔም ከመስከረም ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ ወንጌላውያን የሚሰጠውን ትምህርት ጽሑፍ ለመምህራናችሁ አምጥቼ አስነብባለሁ። የማታምኑትን ታምናላችሁ ያልንበት ቦታ ሁሉ ይሰመርበት፤ በእኛ ሰዎች ፊት አቅርቤ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ይህን ቃል በወላጆቻችሁና በመምህራናችሁ ፊት ሰጥቻችኋለሁ።

እንኳን ደስ አላችሁ። እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።