የእሪ በከንቱ ቢሮዎቻችን

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ዛሬ ግን ከጎረቤት ይልቅ ረጅም ሰዓት አብሮን ስለሚውል ሰው፣ ማለትም ስለ ሥራ ባልደረባችን እንነጋገራለን። በተለይም በሥራ ቦታ ስለሚፈጸም ኸያና፣ አማናን ስለ ማጉደል፣ እንዲሁም ይህን እያየን ዝም ስለምንለው ስለ እኛ።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው እሪ በከንቱን ያውቃል። በአራዳ፣ ከፒያሳ አጠገብ የሚገኝ የድሮ ሰፈር ነው። ይህን ስም ለምን እንዳገኘ ሽማግሌዎች ከሚናገሩት አንዱ እንዲህ ይላል። ጥንት በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ በወንበዴ ይዘረፍ ነበር። ተዘራፊው «እሪ!» ብሎ ይጮኻል፤ የሚደርስለት ሰው ግን የለም። ስለዚህ ጩኸቱ ከንቱ ሆነ፤ ቦታውም እሪ በከንቱ ተባለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የዘረፈው ወንበዴው ነው። ጩኸቱን ከንቱ ያደረገው ግን ሰምቶ ያልደረሰው ሰው ነው። ዛሬ ስንቱ ቢሮ፣ ስንቱ መጋዘን፣ ስንቱ ሱቅ ነው እሪ በከንቱ የሆነው?

እስቲ የየቢሯችንን ሁኔታ እናስታውስ። ጠዋት ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የሚወጣ አለ። ባለጉዳይ ሲጠይቅ «አሁን እዚህ ነበር፣ ኮቱ አለ» ይባላል፤ ሰውየው ግን የግል ጉዳዩን ሲያሳድድ ይውላል። ያላደረበትን ሌሊት አበል የሚያወራርድ አለ። ዕቃ ሲገዛ ባለ ሱቁን «ደረሰኙን ትንሽ ከፍ አድርገህ ጻፍልኝ» የሚል አለ። ፋይሉን በመሳቢያው ቆልፎ «ጠፍቷል፣ ነገ ተመለስ» እያለ «የሻይ» የሚጠብቅም አለ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመው የባልደረቦች ጠባይ ነው። እጁን የሰበሰበ ሠራተኛ ወደ ክፍሉ ሲገባ ጨዋታው ይቋረጣል። ለሻይ ሲወጣ አይጠራም። «አካባጅ»፣ «የአለቃ ጆሮ»፣ «እሱ ብቻ ጻድቅ» ይባላል። ከሰረቀው ላይ ቁርስ የሚጋብዘው ደግሞ «ተጫዋች፣ ሰው የሚወድ» ተብሎ ይመሰገናል። ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ታማኙ እንግዳ፣ ከዳተኛው የቤት ሰው ይሆናል።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን እንናገር። በ1990ዎቹ አጋማሽ እዚያው እሪ በከንቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቢሮ ሦስት ሆነን እንሠራ ነበር። የቢሮውን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ቢሮው ከባለጉዳይ የአገልግሎት ክፍያ ይሰበስባል። ደረሰኙ በካርቦን ይጻፋል፤ ዋናው ለከፋዩ ይሰጣል፣ ቅጂው ጥራዙ ላይ ይቀራል።

ገንዘብ ተቀባይዋ ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት ክርስቲያን እህት ነበረች። ከእሷ አጠገብ አንድ ወንድማችን ይሠራ ነበር። ጁሙዓ አብሮን የሚሰግድ፣ በረመዳን አብሮን የሚያፈጥር፣ ለተቸገረ የሚደርስ ሰው ነው። እሷ ምሳ ስትወጣ ከመቀመጫዋ ይቀመጣል፤ ጥራዟን ያወጣል፤ ካርቦኑን አንሥቶ በዋናው ላይ 300 ብር፣ በቅጂው ላይ 30 ብር ይጽፋል። አንድ ቀን አየነው። በሌላ ቀንም አየነው። «ወንድማችን ነው፤ ቢቸግረው ነው» ተባብለን አለፍነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ከፋይ ለሌላ ጉዳይ ደረሰኙን ይዞ መጣ። በእጁ ያለው 300 ይላል፤ ጥራዙ ላይ የቀረው 30 ይላል። ኦዲተር ተጠራ። የጎደለው ሲደመር 4,600 ብር ሆነ። ልጅቷ «ጽሕፈቱ የኔ አይደለም» ብትልም የሰማት አልነበረም፤ ጥራዙን ፈርማ የተረከበችው እሷ ነበረችና። አለቀሰች። ዞር ብላ እኛን አየችን። እኛ ደግሞ ጠረጴዛችን ላይ ያለውን ወረቀት አየን።

ደመወዟ 600 ብር ነበር። በየወሩ ሲሶው፣ 200 ብር እየተቆረጠ 23 ወር ከፈለች። ዕዳዋን ጨርሳ በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀች። ወንድማችንም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እኛም ሰላታችንን እየሰገድን፣ ደመወዛችንን እየበላን ቀጠልን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ስናስታውስ በሱረቱ አን-ኒሳእ ከአንቀጽ 105 ጀምሮ ያለው ያስደነግጠናል። ሙፈሲሮች ስለ መውረጃው ምክንያት እንዲህ ያወሳሉ። በመዲና ጡዕማ ኢብኑ ኡበይሪቅ የተባለ ሰው የጎረቤቱን የጦር ጥሩር ሰረቀ። ጥሩሩ የነበረው ዱቄት ባለበት ከረጢት ውስጥ ነውና ዱቄቱ እየፈሰሰ ዱካውን አጋለጠ። ጡዕማም ጥሩሩን አንድ አይሁዳዊ ዘንድ አስቀመጠ። ፍለጋው አይሁዳዊው ቤት ሲደርስ የጡዕማ ወገኖች ተሰብስበው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመሄድ ለወገናቸው ተሟገቱ። ወሕይ ወረደ፤ ንጹሕነቱ የተመሰከረለት ግን አይሁዳዊው ነበር። አላህ ነቢዩን ለከዳተኞች ተሟጋች እንዳይሆኑ አዘዛቸው። ራሱ ያጠፋውን ጥፋት በንጹሕ ሰው ላይ የሚለጥፍ ሰው ቅጥፈትንና ግልጽ ወንጀልን እንደተሸከመም አስታወቀ።

ልብ እንበል! የተሰረቀው የሙስሊም ንብረት ነው። ሌባው ከሙስሊሞቹ ጎራ የሚቆጠር ሰው ነው። የተከሰሰው የሌላ እምነት ተከታይ ነው። ፍትሕ ግን የማን ወገን ብላ አልጠየቀችም። የጡዕማ ወገኖች ለከዳተኛው የተሟገቱት በአፋቸው ነበር። እኛ ደግሞ በዝምታችን ተሟገትንለት። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

በዚያው ሱራ አንቀጽ 135 አማኞች በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በቅርብ ዘመዶቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንዲመሰክሩ ታዘዋል። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 283 ደግሞ ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ እንደሆነ ተነግሯል። እጁ ወይም ምላሱ ሳይሆን ልቡ! አንዳንድ ሰው ሳይሰርቅ ልቡ ለምን እንደ ደረቀ ግራ ይገባዋል። ምናልባት ያልመሰከረው ምስክርነት ይኖር ይሆናል።

እዚህ ላይ «ስለ ባልደረባ መናገር ጊባ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጊባ ከባድ ወንጀል ነው፤ በሱረቱል ሑጁራት መሰለልና መጥፎ ጥርጣሬም አብረውት ተከልክለዋል። ይሁን እንጂ ኢማሙ ነወዊ «ሪያዱ ሷሊሒን» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ሰው በሌለበት መናገር የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ዘርዝረዋል። ከእነዚህ አንዱ የተበደለ ሰው በደሉን ማስወገድ ለሚችል አካል ማመልከቱ ነው። ሌላው መጥፎ ሥራን ለማስቆም እርዳታ መጠየቅ ነው። እንግዲህ መስፈርቱ ይህ ነው፤ ለማን ነው የምንናገረው? ለምንስ ነው? በሻይ ሰዓት ለማይመለከተው ሰው ያወራነው ጊባ ነው። ያየነውን ብቻ፣ ቀኑንና መጠኑን ይዘን ለሚመለከተው ኃላፊ የተናገርነው ምስክርነት ነው። የሚያሳዝነው እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን መሆኑ ነው። ሻይ ቤት ሁሉንም እናወራለን፤ ኦዲተር ሲመጣ ምንም አላየንም።

ሌላው በሽታችን ስም መቀየር ነው። ጉቦን «የሻይ» እንለዋለን። አቡ ሑመይድ አስ-ሳዒዲ ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለን ሰው ከበኒ ሱለይም ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ሲመለስ ከያዘው ከፊሉ የዘካ፣ ከፊሉ ደግሞ ለእሱ የተሰጠ ስጦታ መሆኑን ተናገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ተቆጡ፤ ይህ ሰው በአባትና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ለእኛም መለኪያው ይኸው ነው። ያ ወንበር ባይኖረን ይህን «ሻይ» ማን ይጋብዘን ነበር?

ነገሩ የትናንሽ ቢሮዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ፒያሳ የወርቅ ቤቶች ሰፈር ነው፤ እዚያ ያደገ ሰው የወርቅ ፍተሻ ምን እንደሆነ ያውቃል። በ2000 ዓ.ም. ግን ከብሔራዊ ባንክ ለሽያጭ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ እዚያ ሲፈተሽ ወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ መገኘቱ አገሩን አስደነገጠ። ከነጋዴዎች ሌላ የባንክ ሠራተኞችና ወርቁን መርምረው ማረጋገጥ የነበረባቸው ባለሙያዎችም ተጠርጥረው ተያዙ። አንድ ጥፍጥፍ ወርቅ ከሻጩ ተነስቶ ካዝና እስኪገባ በስንት ሰው እጅ ያልፋል? በስንት ፊርማ?

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ አወጣች። ለዓመታት ከጉሮሮው እየነጠቀ የቆጠበ ሕዝብ በጉጉት ጠበቀ። በቀናት ውስጥ ግን ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ወደ ዕጣው መግባቱ ታውቆ ዕጣው ተሰረዘ፤ ኃላፊዎችና የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ተጠርጥረው ታሰሩ። ዕጣው በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ኸያና ትንሽ ሲሆን አንዲትን ልጅ 23 ወር ያስከፍላል፤ ሲያድግ ቤት የሌለውን ሺህ ሕዝብ ያስለቅሳል። ሁለቱም የሚበቅሉት ባልደረባ ዓይኑን ከሚያዞርበት ቦታ ነው።

ራሳችንንም እንፈትሽ። በአገራችን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑ ጁሙዓችንን ተረጋግተን እንድንሰግድ አድርጎናል። ትልቅ ጸጋ ነው። ታዲያ ከመስጊድ ወጥተን ፒያሳ ሻይ እየጠጣን 8፡30 ስንገባ፣ በራችን ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ባለጉዳይ ስለ ሃይማኖታችን ምን ይል ይሆን? ሰላታችን ሰበብ ከሆነ ለባልደረቦቻችን ያስተማርነው ምንድን ነው?

መፍትሔውስ? አንደኛ፣ ባልደረባችን ሲያጠፋ ስናይ ለብቻው፣ በጨዋ ቃል እንምከረው፤ የወሰደውን እንዲመልስ እናግዘው። ብዙ ሰው ከጥፋቱ ያልተመለሰው በጊዜ የነገረው ወዳጅ ስላጣ ነው። ሁለተኛ፣ ካልተመለሰ ለሚመለከተው እናመልክት። ፍርሃት እንዳለ እናውቃለን፤ እንጀራ ነውና። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለዚሁ የተደነገገ ነው። ሦስተኛ፣ በሌላ ሰው ስም ጥፋት ሲለጠፍ ዝም ማለት ፈጽሞ አይፈቀድልንም። አራተኛ፣ እጁን የሰበሰበውን ባልደረባ ብቻውን አንተወው። አብረነው ሻይ እንጠጣ። ይህች ትንሽ ነገር ስንቱን ታማኝ ታጸናለች።

ያለፈውስ? ተውበት የአላህን ሐቅ ታብሳለች። የሰው ሐቅ ሲሆን ግን ሐቁን መመለስ ወይም ባለቤቱን ይቅርታ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ። ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ሦስታችን ተነጋግረን 4,600 ብሯን፣ የገንዘቡንም ዋጋ መውደቅ አስበን ከዚያ በላይ አዋጣን። ያን ጊዜ ተከራይታ ትኖርበት የነበረውን ግቢ ስለምናውቅ ፍለጋ ሄድን። ግቢው ግን አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ የድሮ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ እሱም አብሮ ፈርሷል፤ ጎረቤቶቹም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። የሚያውቋትን ሰዎች እስካሁን እያፈላለግን ነው። ገንዘቡ ተቀምጧል።

ውድ አድማጮች፣ እናንተ ገና አልዘገያችሁም። ያ ባልደረባችሁ ነገ ጠዋት እዚያው ወንበሩ ላይ ታገኙታላችሁ። ዞር ብሎ ሲያያችሁ ወረቀታችሁን አትዩ።

አላህ አማናን የምንወጣ፣ በራሳችንም ላይ ቢሆን እውነትን የምንመሰክር ያድርገን። ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፤ የበደልናቸውንም ሰዎች ሳንሞት ያገናኘን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።